አንካሳው አንበሳ

ጉቱ ሳንቲም ፈልጎ አያውቅም፤ ሳንቲሞቹ ናቸው ጉቱን የሚፈልጉት። ሙሉአለም ይህን መጀመሪያ የተናገረው ለማሳቅ ነበር፤ ጋሼ ልዑልሰገድም ከልባቸው ስቀውለታል። እየቆየ ግን ሳቁ ከውስጡ ተንጠፍጥፎ አለቀና አተላው ብቻ ቀረ።

ጉቱ የጥርስ ቴክኒሻን ነው። አዳማ፣ ከአንድ ክሊኒክ ጓሮ ባለች ጠባብ ክፍል ተቀምጦ ሰው ሠራሽ ጥርስ ሲሞርድና ሲገጥም ይውላል። አልፎ አልፎም ዕቃውን ሸክፎ ወደ ሁሩታ፣ ወደ ቡልቡላ፣ ወደ ኩየራ ብቅ ይላል። በየሄደበት ባልቴቶቹ ይወዱታል። አፋቸውን አስከፍቶ ሲለካቸው በኦሮምኛ ያሾፍባቸዋል፤ እነሱም አፋቸው ስለተያዘ መሳቅ አቅቷቸው በእጃቸው ይመቱታል። አዲሱ ጥርስ ገብቶላቸው ቆሎ የቆረጠሙ ዕለት ታዲያ ከሣጥን ሥር ወይም ከመቀነታቸው ጫፍ የንጉሡን ዘመን ሳንቲም ፈትተው በመዳፉ ያስጨብጡታል። እንዲህ ያለ ነገር እንደሚወድ ሰምተዋል፤ በቃ። አይጠይቃቸውም፣ ዋጋም አይነጋገርም።

ሙሉአለም ግን ፈልጎ ደክሟል። ገና በጉርምስናው ከአዳማ ወጥቶ፣ ሆላንድ የብረታ ብረት ሳይንስ ተምሮ፣ እዚያው ሠርቶ ሲመለስ ፀጉሩ መሸሽ ጀምሮ ነበር። ለምን እንደተመለሰ ሰው ሲጠይቀው ለአንዱ አንድ፣ ለሌላው ሌላ መልስ ይሰጣል፤ የትኛው እውነት እንደሆነ እሱም አያውቅም። አሁን በአንድ የግል ኮሌጅ ያስተምራል። እሑድ እሑድ በአሮጌ መኪናው የስምጥ ሸለቆውን ከተሞች ገበያ ለገበያ ያስሳል። ኦሮምኛው የልጅነት ነው፤ ሰላምታው ያለ እንከን ይወጣና ከዚያ በኋላ ያለው ወሬ ጉሮሮው ላይ ይቀራል። ሻጮቹ አጉሊ መነጽሩን ሲያዩ ይጠራጠሩታል። ቡልቡላ ላይ ጣሊያን የቀበረውን ወርቅ ካርታ ይዞ የሚዞር ሰው ነው ተብሎ ተወርቶበት፣ አንድ ሽማግሌ ማሳቸውን አስቆፍረው እኩል ሊካፈሉት በግልጽ ተደራድረውታል። ከዚያች ከተማ ያመጣው ይህን ወሬ ብቻ ነበር።

ሁለቱን ያገናኟቸው ጋሼ ልዑልሰገድ ናቸው። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ በአንድ የቆርኪ ፋብሪካ የማተሚያ ክፍል ኃላፊ ነበሩ፤ ብረት ቆርቆሮ ሲመታ እየሰሙ ነው ያረጁት። ቤታቸው ከአሮጌው ባቡር ጣቢያ ጀርባ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ፀሐይዋ ከኒሙ ዛፍ ጀርባ ዞር ስትል፣ ልጃቸው ዘመናይ ጠረጴዛውን ወደ በረንዳው ታወጣለች፤ ሦስቱም ይከቡታል።

የሚሰበስቡት የወርቅም የብርም ገንዘብ አይደለም፤ የንጉሡን ዘመን የመዳብ አሥር ሳንቲም ነው። ሁሉም ላይ የተጻፈው ዓመት አንድ ነው፤ ፲፱፻፴፮። ከዚያ በኋላም ለረጅም ዘመን ሲመታ ዓመቱን አልቀየሩትም። ስለዚህ የትኛው ሳንቲም እንደቀደመ፣ የትኛው እንደተከተለ ማወቅ የሚፈልግ ሰው ቁጥሩን ትቶ የመዳቡን ፊት ማንበብ አለበት። ሳንቲም የሚመታው በብረት ማህተም ነው፤ ማህተም ደግሞ፣ ጋሼ ልዑልሰገድ እንደሚሉት፣ ይወለዳል፣ ይጎለምሳል፣ ይደክማል፣ ተሰንጥቆ ይሞታል። ሰው ሲነካካው የኖረ ሳንቲም ከጉብታው ላይ ይላጫል፤ የአንበሳው ጎን፣ የንጉሡ ጉንጭ ይጠፋል። ማህተሙ የደከመበት ግን ማንም ሳይነካው፣ ገና ሲወለድ ፊደሉ የቀለጠ ነው። ማህተሙ ሲሰነጠቅ ደግሞ መዳቡ ስንጥቁ ውስጥ ይገባና ሳንቲሙ ላይ ፀጉር የመሰለ፣ ከፍ ያለ መስመር ይቀራል። ጭረት ወደ ውስጥ ይገባል፤ ስንጥቅ ወደ ውጭ ይወጣል። ሌላውን ሁሉ ብትረሱ ይህችን አትርሱ ይሏቸው ነበር።

ከሁሉ አብልጠው የሚወዱት አንድ ረድፍ አላቸው። አረንጓዴ ከፋይ በተነጠፈበት መሳቢያ ውስጥ፣ በአንድ ማህተም ተመትተዋል የሚሏቸው ሳንቲሞች ከግራ ወደ ቀኝ ተደርድረዋል። በግራ በኩል ያሉት ጥርት ያሉ ናቸው። በቀኝ በኩል ባሉት ላይ ከጠርዙ የተነሣ ስንጥቅ እስከ አንበሳው የኋላ እግር ደርሷል፤ ወደ ቀኝ በሄዱ ቁጥር እግሩ እያበጠ ይመጣል፤ በመጨረሻው ሳንቲም ላይ እግር የሚባል ነገር የለም፣ ጓል የመሰለ እብጠት ብቻ ነው። ስሙን አንካሳው አንበሳ ብለውታል። በጥርቶቹና በአንካሶቹ መካከል ግን አንድ ባዶ ጎድጓዳ አለ። እዚያ መቀመጥ ያለበት ስንጥቁ ገና ከጠርዙ ተነሥቶ እግሩ ጋ ያልደረሰበት ሳንቲም ነው። እሱ እስካልተገኘ ድረስ ሁለቱ ወገኖች የአንድ ማህተም ልጆች ናቸው ብሎ የሚምል የለም። ይህን በትሕትና፣ ግን ደጋግሞ የሚያነሣባቸው ሙሉአለም ነው። ጋሼም «እንግዲያው ፈልገህ አምጣና አፌን አስይዘኝ» ይሉታል።

አንድ ልማድ ደግሞ አላቸው። አዲስ ሳንቲም ተመርምሮ መሳቢያው ሊገባ ሲል አንሥተው ይስሙታል፤ መሬት የወደቀ ዳቦ አንሥቶ እንደሚስም ሰው። ያልተቀበሉትን ሳንቲም ግን አይስሙም፤ ለባለቤቱ ይመልሱታል።

ከዚያ ስኳሩ ዓይናቸውን ያዘው። መጀመሪያ ፊደል፣ ቀጥሎ የሰው ፊት ጠፋባቸው። የጣቶቻቸውንም ጫፍ አደነዘዘው፤ ሻዩ ይሙቅ ይቀዝቅዝ የሚያውቁት ብርጭቆውን ከንፈራቸው ላይ አስጠግተው ሆነ። አንድ ቅዳሜ ሁለቱንም አስቀምጠው፣ ከእንግዲህ የሚያዩት በእነሱ ዓይን እንደሆነ ነገሯቸው። ቀጥለውም፣ «ሳንቲሙን ሙሉአለም ያይልኛል። የእሱ ዓይን አያዳላም» አሉ።

ሙሉአለም ያን ቀን ወደ ቤቱ ሲሄድ ባጃጆቹ እንኳ መንገድ የለቀቁለት መሰለው። ደስታው ግን ሳምንት አልቆየም። የግቢው በር በተንኳኳ ቁጥር ጋሼ አንገታቸውን ቀና አድርገው «ጉቱ ነህ?» ይላሉ። ሙሉአለም ቀድሞ ቢመጣም፣ ዘግይቶ ቢመጣም፣ አንድም ቀን «ሙሉአለም ነህ?» ብለው አያውቁም። እሱ «እኔ ነኝ ጋሼ» ሲል፣ «እ፣ ግባ ልጄ» ይላሉ፤ ድምፃቸው ውስጥ ክፋት የለም፤ ቀና ያለው አንገታቸው ግን ዝቅ ይላል። ዘመናይም ሻዩን ቀድማ የምትቀዳው ለጉቱ ነው። ሙሉአለም ይህን ሁሉ ያያል፤ ያይልኛል የተባለው ዓይኑ ከሳንቲሙ ይልቅ በዚህ ላይ ማረፍ ለምዷል።

አንድ ነፋሻ ቅዳሜ ጉቱ አቧራውን እያራገፈ፣ «አካም ጋሼ፣ አካም ፈረንጁ» እያለ ገባ። ፈረንጁ የሚለው ሙሉአለምን ነው። ከቡልቡላ መመለሱ ነበር። አንዲት ባሏ የሞተባት የከብት ነጋዴ ሚስት ጥርሱ በጣም ነጣብኝ፣ ሰው ሙሽራ ልትሆን ነው ይለኛል ብላ ስትጣላው ቆይታ፣ መጨረሻ ላይ ባሏ የተወላትን አንድ አሥር ሳንቲም ሰጥታዋለች። ጉቱ አጥርቶ ያየው ሚኒባስ ውስጥ ነው። ሲያወራ ወንበሩን ወደ ጋሼ አስጠግቶ ተቀመጠና ሳንቲሙን ለሙሉአለም አቀበለው።

«እኔ ስንጥቅ መሰለኝ» አለ። «ግን ታውቀኛለህ፣ እኔ ጤነኛ ጥርስ ላይም ስንጥቅ ይታየኛል።»

ሙሉአለም ሌንሱን ዓይኑ ላይ አደረገ። ከአንበሳው የኋላ እግር በታች፣ ከጠርዙ ላይ፣ ፀጉር የመሰለች መስመር ተነሥታለች። ጥቂት ወደ ውስጥ ትሄድና እግሩ ጋ ሳትደርስ ትቆማለች። ፊደሎቹ ጥርቶቹ ላይ እንዳሉት ሆነው ትንሽ ብቻ ደክመዋል። የአውራ ጣቱን ጥፍር ቀስ አድርጎ አሳለፈባት፤ ያዘችው። ወጣ ያለች ናት።

ይህችን ሰዓት ብዙ ጊዜ በሐሳቡ አይቷታል። መኪናው ውስጥ፣ ገበያው መሀል፣ ክፍል ውስጥ ተማሪ ሲፈትን፣ ሳንቲሟን ባዶው ጎድጓዳ ላይ ሲያስቀምጥ፣ ጋሼ ሲስሟት፣ «አፌን አስያዝከኝ» ሲሉት። በሐሳቡ ውስጥ ያመጣት እጅ ሁልጊዜ የእሱ እጅ ነበር። አሁን ቀና ሲል ጋሼ ትንፋሻቸውን ይዘው አንገታቸውን አስግገዋል። አንድ እጃቸው የጉቱ ጉልበት ላይ ነው።

«ምን ታያለህ?» አሉ።

መስመር እንዳለ ነገራቸው።

«ወጣ ያለ ነው፣ የገባ?»

የሙሉአለም ዓይን ጉልበቱ ላይ ካለው እጅ አልተነሣም። ሽማግሌው እሱን በእጃቸው የነኩበትን ቀን ለማስታወስ ሞከረ።

«የገባ ነው» አለ። «ጭረት ነው ጋሼ።»

ጉቱ እስቲ ልየው አለ። ሙሉአለም አልከለከለውም። ሳንቲሙን ጠረጴዛው ላይ አድርጎ የስልኩን መብራት ዓይን ከማይጠብቀው ወገን፣ ከታች አበራበት። ብርሃኑ በዚያ በኩል ሲመጣ ጉብታው ጉድጓድ፣ ጉድጓዱ ጉብታ ይመስላል፤ በማይክሮስኮፕ የሠራ ሰው ሁሉ የሚያውቀው የዓይን ማታለያ ነው። ጉቱ ጎንበስ ብሎ አየ። በጥፍሩ እንዳይፈትን ደግሞ ለሥራው ሲል ጥፍሩን እስከ ሥጋው ነው የሚከረክመው።

«እውነትም ገብቷል» ብሎ ሳቀ። «ያቺ ባልቴት አታለለችኝ። ጥርሷን ማስመለስ አለብኝ።»

ጋሼ አልሳቁም። «አንተ ካልክ ነው» አሉ ወደ ሙሉአለም ዞረው። ሳንቲሙ ከንፈራቸው ጋ ሳይደርስ ወደ ጉቱ ኪስ ተመለሰ፤ ዘመናይም መሳቢያውን ዘጋችው።

ሙሉአለም ያደረገውን ነገር ስም አልሰጠውም። ማዘግየት ነው ብሎ ነበር ያሰበው። ሳንቲሙን ከጉቱ ለማወዳደሪያ ብሎ በዘዴ ይወስዳል፤ ጥቂት ወራት ያልፋሉ፤ ከዚያ ሁሩታ ገበያ አንዲት ሴትዮ ዘንድ አገኘሁት ብሎ ያመጣዋል። ጉቱ አንዱን ጭረት ከሌላው የሚለይ ሰው አይደለም። ጋሼ ያጡት ነገር የለም፤ ደስታቸው ትንሽ ቆየ እንጂ አልቀረም። ለአንድ ሳምንት ይህን ሲያንሰላስል ከርሞ ደወለለት።

ጉቱ ሳቀ። ለሳንቲሟ ሥራ አግኝቼላታለሁ፣ አሁን ባሳይህ ደስ አይልም፣ ቆይተህ ታያታለህ አለው። ስልኩን ሲዘጋ ሙሉአለምን የከነከነው ሌላ ነገር ነበር። ጉቱ አላዘነም። ያን የመሰለ ነገር ከእጁ ወጥቶ፣ ለሌላ ሰው ሕይወት የሚሆን ነገር ጭረት ነው ተብሎ ተመልሶለት፣ አንዲት ሌሊት እንኳ እንቅልፍ አላጣም። ሙሉአለም በዚህም ቀናበት።

ጥቂት ቆይቶ ጉቱ ሊያገባ መሆኑን ነገራቸው። ሙሽራዋ ቢሊሴ ትባላለች፤ የሁሩታ ልጅ፣ ነርስ ናት። የመልሱ ዕለት ድግሱ እዚያው ወላጆቿ ቤት ስለሆነ፣ ጋሼን በመኪናው እንዲያመጣቸው ሙሉአለምን አደራ አለው።

በመንገድ ላይ ጋሼ መስኮቱን ከፍተው ማሳው ምን እንደሚመስል ይጠይቁታል፤ እሱም ስንዴው ፍሬ መያዙን፣ ገብሱ መታጨዱን ይነግራቸዋል። ዴራ ከተማን አልፈው ዳገቱን ያዙ። ከዚያ ወደ ነፋሱ እንደዞሩ፣ ብዙ ሲያስቡበት እንደከረሙ፣ ክርክሩን እሱ እንደረታ ነገሩት። ሁለት ማህተም ነው። አንድ ቢሆን ኖሮ ይሄን ያህል ሰው ሲፈልገው አንድ ምልክት ይገኝ ነበር። በሚቀጥለው ቅዳሜ ረድፉን ለሁለት ክፈልልኝ፣ አንካሶቹን ለብቻ አድርግልኝ አሉት። ይህን ሲሉ የፋብሪካ ማሽን እንዲነቀል እንደሚያዝዝ ሰው ድምፃቸው ደረቅ ነበር።

ሙሉአለም አፉን ከፈተ። ከፊቱ እህል የጫነ አይሱዙ እያዘገመ ስለነበር መሪውን ወደ ግራ አዙሮ ቀደመው። ካለፈው በኋላ መናገር እንደሚችል ያውቅ ነበር። አልተናገረም። የረታ መሆኑ፣ በውሸትም ቢሆን፣ ደረቱ ውስጥ አንድ ቦታ ላይ ሞቆታል።

ድንኳኑ ሞልቶ ነበር። ጋሼን ከሽማግሌዎቹ ጎን አስቀመጣቸው፤ ራሱ ከኋላቸው ቆመ። ሙሽሮቹ በኦሮሞ የባህል ልብስ ደምቀው፣ ተራ በተራ የሽማግሌዎቹን ጉልበት እየሳሙ ሲመጡ ጋሼ ገና የእግር ኮቴ ሲሰሙ አንገታቸውን ቀና አድርገው «ጉቱ ነህ?» አሉ።

«እኔ ነኝ ጋሼ። ይቺ ደግሞ ቢሊሴ ናት።» ጉቱ ተንበርክኮ ጉልበታቸውን ሳመ። ሙሽሪትም አብራው ጎንበስ ስትል አንገቷ ላይ ያለው ጨሌ ወደ ፊት ተንጠለጠለ። በጨሌው መካከል፣ ቀይና ነጭ ዶቃ በዙሪያው ተደርጎለት፣ አንድ የመዳብ ሳንቲም አለ። ተወልውሎ ያበራል። አንበሳው የተንጠለጠለው በእግሩ በኩል ስለሆነ ዘውዱ ወደ መሬት፣ እግሩ ወደ ሰማይ ነው።

ሙሉአለም ከኋላ ሆኖ አየው።

«ያቺን የተጫረች ሳንቲም ያስታውሷታል?» አለ ጉቱ። «መሳቢያው ባይቀበላት ቢሊሴ ተቀበለቻት። ጭረቱን ላጥፋው ብዬ እዚያው ላይ በጥርስ መሰርሰሪያዬ በሳኋት። ግን እርስዎ ሳይስሟት ቤቴ ብትገባ ደስ አይለኝም ጋሼ። ይሳሙልኝ።»

በዙሪያው ያሉት ሳቁ። ጋሼም ፈገግ ብለው እጃቸውን ዘረጉ፤ ቢሊሴ በጣቶቿ መርታ ሳንቲሙን መዳፋቸው ላይ አደረገችላቸው። ሽማግሌው ወደ ከንፈራቸው አነሡት።

መሳም ነበርና ወዲያው ማለቅ ነበረበት። አላለቀም። የታችኛው ከንፈራቸው ጠርዙ ላይ ቆየ፤ በቀስታ ወደ ቀዳዳው ሄደ፤ ተመለሰ፤ እንደገና ሄደ። ሙሽሪት የሚጸልዩላት መስሏት አንገቷን ይበልጥ ዝቅ አደረገች። ሴቶቹ እልል አሉ።

ጋሼ ሳንቲሙን ከከንፈራቸው አራቁ፤ ግን አልለቀቁትም።

«ሙሉአለም።»

«አቤት ጋሼ።»

«ና፣ አንተም ሳም።»

ሰዉ እንደገና ሳቀ፤ ጉቱ፣ ፈረንጁ ከንፈሩን እንዳይቆርጥ ብሎ አሾፈ። ሙሉአለም ከወንበሮቹ መሀል ሾልኮ መጣና አጎነበሰ። ጨሌው ቅቤ ቅቤ ይሸታል። ከንፈሩን መዳቡ ላይ አኖረ። አገኛት፤ ከጠርዙ እስከ ቀዳዳው አፍ፣ ፀጉር የመሰለች፣ ከፍ ያለች መስመር። ቀዳዳው ጋ ስትደርስ ተቆርጣለች። ከቀዳዳው ወዲያ የአንበሳው እግር የነበረበት ስፍራ የለም፤ ተሰርስሮ ወጥቷል።

ሙሽሮቹ ወደሚቀጥለው ሽማግሌ አለፉ። ጋሼ ባዶ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አደረጉ። ከዚያ ወደ ኋላ ዘንበል አሉ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነበር፤ ቁጣ አልነበረበትም፤ ቅዳሜ ቅዳሜ በረንዳው ላይ እንደሚጠይቁት አድርገው ጠየቁት።

«ከመበሳቱ በፊት አይተኸዋል። መስመሩ እስከ የት ነበር?»

ሙሉአለም ከኋላቸው ተንበረከከ። «እግሩ ጋ አልደረሰም ነበር ጋሼ። ፊደሉም ያው ነው። ረድፍዎ ልክ ነው። አንድ ማህተም ነው።»

«ሌላ ያየው ሰው አለ?»

«ጉቱ አይቷል። ግን መብራቱን እኔ ነኝ የያዝኩለት።»

ጋሼ ይህንንም አሰቡበት። መብራቱ በየት በኩል እንደነበር አልጠየቁም፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ብረት ያዩ ሰው ናቸውና ገብቷቸዋል።

«እንግዲህ ይህን በምን ልመንህ?» አሉ።

አጉሊ መነጽሩም፣ ትምህርቱም፣ አያዳላም የተባለለት ዓይኑም እዚያ ድንኳን ውስጥ አብረውት ተንበርክከዋል፤ አንዱም ምስክር ሊሆነው አልቻለም። ስለዚያች ሳንቲም ለመጀመሪያ ጊዜ እውነቱን ነግሯቸው ነበር፤ እውነቱ ደግሞ ከእሱ ቃል በቀር ሌላ ማረፊያ አልነበረውም።

ጉቱ ሽማግሌዎቹን ጨርሶ እየሮጠ ተመለሰ። ጋሼ ኮቴውን ሰምተው እጃቸውን ባዶው አየር ላይ ዘረጉ፤ ጉቱም ክንዱን ሰጣቸው። ምሳ ቀርቧል፣ ከእኔ ጎን ነው የሚቀመጡት አላቸው። ተነሥተው ሲሄዱ ጋሼ ዞር አላሉም፤ ለጉቱም ምንም አልነገሩትም፤ ጉቱ ለነገራቸው አንድ ቀልድ ሲስቁ ብቻ ትከሻቸው ይታይ ነበር።

ሙሉአለም ከጉልበቱ ላይ ሣር እያራገፈ ቆመ። ከድንኳኑ ማዶ ሙሽሪት ከእኅቶቿ ጋር ትከሻዋን እያንቀጠቀጠች ትጨፍራለች፤ ደረቷ ላይ አንበሳው እግሩን ወደ ሰማይ ሰቅሎ ይወዛወዛል። ሳንቲሙ እንደተበላሸ ያውቃል፤ ረድፉ ለዘለዓለም እንደጎደለ፣ በሚቀጥለው ቅዳሜም በሩን ቢያንኳኳ ማን ተብሎ እንደሚጠየቅ ያውቃል። በዚያች ሰዓት እንኳ ግን ከሁሉ በላይ ያቃጠለው ሽማግሌው ተደግፈውት የሚሄዱት ያ ክንድ ነበር።